ውኃ የማይጠግበው ማሽን

ነገሩ የሆነው ካቻምና በበጋው ወራት ነው። እስከ ዛሬ ወጥ ቤት ውስጥ ውኃ ሲንሿሿ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አንዳንዴ ብቻዬን ያስቀኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሰው አጠገቤ ሳይኖር እንኳ አንገቴን ያስደፋኛል። የአንዲት ልጄ ትዳር በዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሰበብ ገደል ሊገባ ነበር ብዬ ብነግራችሁ ትስቁ ይሆናል። እኔ ግን ያኔ አልሳቅኩም።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ልንገራችሁ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የኬላ ፈታሽ ነበርኩ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ከአዋሽ እስከ ዝዋይ በየኬላው እየተዘዋወርኩ የጭነት መኪና ሸራ ሳስገልጥ ነው። በዚያ ሥራ ላይ የተማርኩት ትልቁ ነገር፣ ሾፌሩ ሲስቅልህ ጎማውን እይ የሚል ነው። ተቆጥቶና ተሳድቦ የሚወርድ ሾፌር አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልያዘም። "ጋሼ እንዴት አደሩ፣ ቤተሰብ ደህና?" ያለ ግን ከሽንኩርቱ ሥር ሌላ ነገር አለው። ጡረታ ስወጣ የደንብ ልብሴን መለስኩ፤ ይሄ ጠባይ ግን እኔው ጋ ቀረ።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ አዳማ ባለው ቤታችን የምንኖረው እኔና ልጄ ሰላማዊት ብቻ ነን። ሰላማዊት ነርስ ናት። ከዚህ በፊት ሁለት ሰዎች ቤት አምጥታ አስተዋውቃኝ ነበር። የመጀመሪያው ከመጠን በላይ ትሑት ሆነብኝና ጠረጠርኩት። ሁለተኛው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፍቶ ስላስቀመጠ ጠረጠርኩት። ሁለቱንም በጥያቄ አጣደፍኳቸው፤ ሁለቱም ዳግመኛ አልመጡም። እውነቱን ለመናገር፣ ልጄ ከወጣች በኋላ ያ ቤት ምን እንደሚመስል ማሰብ ያስፈራኝ ነበር። ያኔ ግን ይህንን ለራሴም አልነገርኩትም።

ማሽኑን የገዛችው እሷ ናት። ለፕሮጀክት ሥራ መጥተው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ የቤት ዕቃቸውን ይሸጡ ነበር። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ዕቃ የማጥበው እኔ ነበርኩ። እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሮ የእናቷን ብርጭቆዎች አንድ በአንድ ስፈጃቸው አይታ አዘነችልኝ መሰለኝ።

"አባዬ፣ አንተ አርፈህ ቁጭ በል፤ ከእንግዲህ እሱ ያጥባል" አለችኝ።

እኔ ማሽኑን ዞር ዞር ብዬ አየሁትና "ደህና ከሆነ ለምን ሸጡት?" አልኳት።

"ታዲያ በአውሮፕላን አዝለውት ይሂዱ?" ብላ ሳቀችብኝ።

ወጥ ቤት አስገብተን፣ ከቧንቧው ጋር አያያዝነውና ሞከርነው። ያለ እንከን ሠራ። ብርጭቆዎቹ አንድም ሳይሰበሩ እያበሩ ወጡ። እኔም ለጊዜው አፌን ዘጋሁ።

እዚህ ላይ ስለ ውኃችን መናገር አለብኝ። የእኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው። በሚመጣበት ቀን ከመስመሩ በቀጥታ ቤት ይገባል፤ ጓሮ ያለውን ሮቶም ይሞላል። በማይመጣበት ቀን ከሮቶው እየቀዳን እንሰነብታለን። የጎረቤቶቼ ሮቶዎች ከጣሪያ በላይ ጉብ ብለው ነው የሚታዩት። የእኔ ግን የተቀመጠበት የብረት መቆሚያ ከወገቤ አይበልጥም። ሲሠራ ብየዳ ሠራተኛው "ጋሼ፣ ከፍ ይበል፤ ከፍ ሲል ነው ውኃው ጉልበት የሚኖረው" ብሎኝ ነበር። ትርፍ ብረት ሊያስገዛኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩት። ደግሞም ዝቅ ካለልኝ በአጭር መሰላል ወጥቼ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣ ውኃዬን የነካ ሰው እንዳለ በዓይኔ አረጋግጣለሁ ብዬ ነው።

ማሽኑ ያበደው ሰላማዊት ሥራ በሄደችበት አንድ ቀን ነው። ውኃ የማይመጣበት ቀን ነበር። የቁርሱን ዕቃ ደርድሬ፣ ቁልፉን ተጭኜ፣ ሳሎን ሄጄ ሬዲዮዬን ከፈትኩ። ዜናው አለቀ። ማስታወቂያው አለቀ። ማሽኑ ግን አሁንም እየሞላ ነው። ተነስቼ ብሄድ ውኃው በበሩ ሥር እየወጣ ወጥ ቤቱን አጥለቅልቆታል። ማጥፊያውን ተጫንኩት፤ አልሰማኝም። ሶኬቱን ነቀልኩት። መብራቱ ጠፋ፤ የውኃው ድምፅ ግን ሽሽሽ እያለ ቀጠለ።

ቆሌዬ ተገፈፈ። ኤሌክትሪክ የሌለው ማሽን በምን አቅሙ ነው ውኃ የሚጠጣው? ከኋላ ያለውን የቧንቧ መዝጊያ ፈልጌ ስዘጋው ነው ያቆመው። ሱሪዬን ሰብስቤ ውኃውን እየጠረግኩ "ይሄ ነገር ውስጡ ሌላ ነገር አለ" አልኩ።

ሰላማዊት ስትመጣ ነገርኳት። "ክሊኒካችን ፍሪጅ ሲበላሽ የሚመጣ ልጅ አለ፤ እሱን እጠራዋለሁ" አለች። ፈጠን አለችብኝ። ቁጥሩን በቃሏ ይዛው ነው የደወለችው። ይህችን ነገር በልቤ መዘገብኳት።

ልጁ ለሚ ይባላል። የደራ ልጅ ነው፤ አዳማ ውስጥ ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ የሚጠግንባት ትንሽ ሱቅ አለችው። በስልክ ያለው አንድ ነገር ነበር፦ "ውኃ በሚመጣበት ቀን ልምጣ። ውኃ ሳይኖር ምኑን እሞክረዋለሁ?" ይሄ እኔንም አሳመነኝ። በከተማችን የቧንቧ ሠራተኛውም፣ የልብስ ማጠቢያ ጠጋኙም የሚለው ይህንኑ ነው።

ውኃ በመጣበት ቀን ጠዋት ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ መጣ። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ "አካም ቡልተኒ አባባ" ሲል በኦሮምኛ እንዴት እንዳደርኩ ጠየቀኝ። ኬላ ላይ ስኖር የለመድኳት ኦሮምኛ አለችኝና "ነጋ"፣ ደህና ነኝ፣ አልኩት። ፊቱ በራ። ሳቀልኝ። እኔም ወዲያው ጎማው ትዝ አለኝ።

ማሽኑን ከፍቶ ከታች አንዲት ተንሳፋፊ ፕላስቲክ አሳየኝ። "አባባ፣ ውኃው ልክ ሲደርስ ከፍ ብላ 'በቃ' የምትል ይቺ ናት። ቆሻሻ ይዟት ይሆናል" አለ። አጠባት፤ መለሳት፤ ማሽኑን አስነሳው። ሞላ። ልክ ሲደርስ ቆመ። አጥቦ ጨረሰ። እኔ ሙሉ ጊዜውን ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀምጬ እጆቹን ነበር የማየው።

ሻይ ጠጣ፤ ልጄን "ሲስተር" እያለ በአክብሮት አነጋገራት፤ ተነሳ። እሷ ልትሸኘው ወጣች። እኔም የግቢውን አትክልት ለማየት ወጣሁ። ከበሩ ውጭ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "በይ ሰሉ፣ ደህና ዋይ" ሲል ሰማሁት። ቤት ውስጥ ሲስተር፣ በር ላይ ሰሉ! አትክልቱን ሳላይ ተመለስኩ።

ውኃ በሌለበት በሚቀጥለው ቀን ማሽኑ እንደገና ወጥ ቤቱን አጥለቀለቀው።

ለሚ ሲነገረው አሰበና ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ፤ "ሶኬቱ ተነቅሎም ይሞላል?" አለ። ይሞላል አልኩት። "እንግዲያው ጥፋቱ የመብራት አይደለም፤ የውኃ ማስገቢያው ቫልቭ ነው አልዘጋ ያለው" አለ። ከአዲስ አበባ አዲስ ቫልቭ አስመጥቶ፣ ውኃ የሚመጣበትን ቀን ጠብቆ መጣና ቀየረው። በመሙላት ላይ ሳለ ሶኬቱን ነቀለው። ውኃው ያንኑ ቅጽበት ቀጥ አለ።

"አዩት አባባ?"

"አየሁት" አልኩ። በእርግጥም አይቼዋለሁ።

ውኃ በጠፋ ማግስት ማሽኑ አዲሱን ቫልቭ ከምንም ሳይቆጥር ሞላ፣ ሞላ፣ ፈሰሰ።

ያን ቀን ጨርቁን እየጨመቅኩ ነገሩን አገናዘብኩት። እሱ ሲኖር ይሠራል፤ እሱ ሲሄድ ይበላሻል። ሲበላሽ ማን ይጠራል? እሱ። ሲመጣ ማን በር ትከፍታለች? ልጄ። ኬላ ላይ እኛ ፊት ሁልጊዜ ንጹሕ የሆነ መኪና እንደነበረ አስታወስኩ፤ የተያዘው ሾፌሩ ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ ነው። ይሄ ልጅ ቤቴ መመላለሻ ሰበብ አግኝቷል፤ ሲወጣ አንድ ነገር ያላላል፣ ሲመጣ ያጠብቀዋል። በቃ፣ ተያዘ ብዬ ደመደምኩ።

እጅ ከፍንጅ መያዝ ነበረብኝ። ድሮ የመኪና ሸራ ተነክቶ እንደሆነ ለማወቅ የምንጠቀምባት ዘዴ ነበረች፤ በቋጠሮው ላይ ሰው የማያያት ቀጭን ክር እናሳልፋለን። እኔም ማሽኑ ሲሠራ ቆይቶ ሲያቆም ከኋላው መክደኛና ከታችኛው ሽፋን ላይ በሻማ ጠብታ ክር አጣበቅኩ። ውኃ ሲጠፋ ማሽኑ ፈሰሰ። ክሩን ሄጄ አየሁት። አልተነካም።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ "ተሳስቻለሁ" ይል ነበር። እኔ ግን "ከውስጥ ሰው አለው" አልኩ። ከውስጥ ያለችው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ናት። እራት ስታቀርብልኝ የልጄን እጅ በስርቆሽ አየሁት። ይህን ስጽፍ እንኳ ያሳፍረኛል።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣም ውኃ ያለበት ቀን ነበር። ማሽኑ እንደ ልማዱ ጨዋ ሆኖ ጠበቀው። ሞከረው፣ ደጋግሞ ሞከረው። መጨረሻ ላይ ራሱን እያከከ ወደ እኔ ዞረ።

"አባባ፣ ቅር እንዳይልዎትና፣ እውነት እንዲህ ይፈሳል? ምናልባት ሳያውቁት የሚነኩት ነገር እንዳይኖር ብዬ ነው።"

ደሜ ፈላ። ፈታሹ ሊፈተሽ ነው! ከወንበሬ ተነሳሁና የድሮው ድምፄ ወጣ።

"ቦርሳህን ክፈት" አልኩት።

"አባዬ!" አለች ሰላማዊት።

"ክፈት ብያለሁ። ሲመጣ የሚያጠብቀውን፣ ሲሄድ የሚያላላውን ነገር ማየት እፈልጋለሁ።"

ለሚ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። ቦርሳውን መሬት አስቀመጠና ዚፑን ከፈተው። ጎንበስ ብዬ በእጄ በረበርኩት። ካቻቪቴዎች፣ ፒንሳ፣ የቴፕ ጥቅል፣ ያወጣው አሮጌ ቫልቭ። ከሁሉም ሥር በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ፈታሁት። በካርቶን ተደግፎ የታጠፈ፣ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ነው። ከጎኑ ቀለም የተቀባ ጥንድ ጫማ አለ።

"ይሄ ምንድን ነው? ማሽን የሚጠገነው በነጭ ሸሚዝ ነው?" አልኩት።

የመለሰችልኝ ልጄ ናት። ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ከእናቷ ቀብር ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

"ከዚህ ወጥቶ ሽማግሌዎቹን ሊለምን ነው የሚሄደው፣ አባዬ። ወደ አንተ የሚልካቸውን ሽማግሌዎች።"

ሸሚዙ እጄ ላይ ነው። ለሚ ቀስ ብሎ ተቀበለኝ፤ በነበረበት እጥፋት አጠፈው፤ ጫማውን አስገባ፤ መሣሪያዎቹን ከላይ ደረደረ፤ ዚፑን ዘጋ። ከዚያ እንደ መጀመሪያው ቀን ጎንበስ ብሎ "ገለቶማ አባባ" አለኝና ወጣ። ገለቶማ! ብዙ ሰው ፈትሻለሁ፤ ብዙ ስድብም ጠጥቻለሁ። ተፈትሾ ያመሰገነኝ ግን እሱ ብቻ ነው።

በዚያ ቀን ወደ ሽማግሌዎቹ አልሄደም። በሚቀጥለው ሳምንትም አልሄደም።

ሰላማዊት አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እንደ በሽተኛዋ ታነጋግረኝ ጀመር። "መድኃኒትህን ወሰድክ? ምሳ ምድጃው ላይ አለ።" በቃ። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ ለሥራ ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች፣ ቀና ሳትል እንዲህ አለችኝ፦

"ከእንግዲህ ማንንም ወደዚህ ቤት አላመጣም። የትም አልሄድም። ደስ ይበልህ።"

ስንት ዓመት ልሰማው የፈለግኩት ቃል ነው። ስሰማው ግን ደስታ አላገኘሁበትም። እሷ ወጥታ በሩ ሲዘጋ ቤቱ ጭር አለ። የፈራሁት ጭርታ ልጄ ስታገባ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር፤ እሷ እቤቴ እያለች መጣብኝ።

ይህ ሁሉ ሆኖም ጥርጣሬዬ አልለቀቀኝም፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። "ለሚ ከቀረ ማሽኑም ይድናል" የምትል ሐሳብ በጭንቅላቴ ትመላለስ ነበር። እሱ ከሄደ ወዲህ የማሽኑን ቧንቧ ዘግቼው ነበር። ውኃ በሌለበት አንድ ቀን ብቻዬን ሆኜ ከፈትኩት። ሶኬቱን እንኳ አልሰካሁም። ሽሽሽ! መሙላት ጀመረ።

ወንበር ስቤ ፊቱ ተቀመጥኩ። ለሚ የለም። ልጄ ሥራ ላይ ናት። ክሩ እንዳለ ነው። ማሽኑና እኔ ብቻ ተፋጠጥን። "እሺ፣ አሁንስ ማንን ልያዝ?" አልኩት ጮክ ብዬ።

ይኼኔ ግቢ ውስጥ የቧንቧው መስመር አስነጠሰ። አዳማ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ውኃ ሊመጣ ሲል መጀመሪያ አየሩ ነው የሚያስነጥሰው። ቀኑ የእኛ አልነበረም፤ አንዳንዴ እንዲህ ሳይታሰብ ይለቁታል። ቧንቧዎቹ ተንገጫገጩ፤ የሮቶው መሙያ ማፏጨት ጀመረ። ማሽኑ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር "ጧ" አለ። የውኃው ድምፅ ቆመ።

ማንም አልነካውም። ሶኬቱ መሬት ላይ ነው።

ከዚያ ወጣሁና በግቢው በር በኩል ያለውን የዋና መስመር መዝጊያ ዘጋሁት። ሮጬ ተመለስኩ። ውኃው አሁን ከሮቶው ነው የሚመጣው፤ ማሽኑ ቀስ ብሎ ሽሽሽ ማለት ጀመረ። ተመልሼ መስመሩን ከፈትኩት። "ጧ!" ቆመ። ዘጋሁ፤ ሞላ። ከፈትኩ፤ ቆመ። ጎረቤት ቢያየኝ ጤናዬን ይጠራጠር ነበር።

ወደ ጓሮ ሄድኩ። መሰላሉን ሮቶው ላይ አስደግፌ ወጣሁ፤ ውኃውን አየሁ፤ ወረድኩ፤ ተንበርክኬ መውጫ ቧንቧውን አየሁ። ምንም የተነካ ነገር የለም። ሮቶው ከወገቤ በታች ካለ ብረት ላይ ቁጭ ብሏል። ያኔ የብየዳ ሠራተኛው ድምፅ መጣብኝ፤ "ከፍ ሲል ነው ውኃው ጉልበት የሚኖረው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫልቩ ውስጥ ያለችው ስስ ላስቲክ የምትገጥመው በውኃው በራሱ ግፊት ነው። ውኃው ጉልበት ካለው ገፍቶ ይደፍናታል፤ ከሌለው ገርበብ ብላ ትቀራለች። ልክ እንደ እኔ ግቢ በር፣ በኃይል ካልገፏት አትዘጋም። የመስመሩ ውኃ ጉልበት አለው። የእኔ ሮቶ ደግሞ የለውም፤ ጉልበት የነሳሁት እኔ ነኝ። ለሚ የሚመጣው ውኃ ባለበት ቀን ስለሆነ ሁልጊዜ የሚያገኘው ጤነኛ ማሽን ነው። አንድም ነገር አላላላም፤ አንድም ነገር አልደበቀም። ከሸሚዙ በቀር።

መሰላሉ ሥር ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ብዙ አላለቀስኩም፤ ግን አለቀስኩ። ብየዳ ሠራተኛውን ባልጠረጥር ሮቶው ከፍ ይል ነበር። ሮቶው ከፍ ቢል ማሽኑ ይቆም ነበር። ማሽኑ ቢቆም ያ ሸሚዝ የታለመለት ቦታ ይደርስ ነበር።

አሁን ይቅርታ መጠየቅ ቀረኝ። ይቅርታ መጠየቅን ደግሞ ሥራዬ አላስተማረኝም። ስልኩን አንስቼ ብዙ ጊዜ መልሼ አስቀመጥኩት። በመጨረሻ ደወልኩ።

"ለሚ፣ እኔ ነኝ። የሰላማዊት አባት።"

"አቤት አባባ።" ድምፁ ቀዝቃዛ ነበር፤ ግን ብልግና አልነበረበትም።

"ማሽኑ አሁንም አልቆም ብሏል።"

"ሌላ ባለሙያ ቢያሳዩት ይሻላል አባባ። እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ።"

"ሌላ ሰው አልፈልግም። አንተ ና። ግን ውኃ በሌለበት ቀን ና።"

ነገሩን ሲያሰላ የሰማሁት መሰለኝ። የእምቢታ ቃል ከአፉ ሊወጣ ሲል ቀደምኩት።

"መሣሪያህን ብቻ እንዳትይዝ" አልኩት። "ሸሚዙንም ይዘህ ና።"

መልሱን ሳልጠብቅ ስልኩን ዘጋሁት። ይመጣል አይመጣም ብዬ ስጠራጠር ሰነበትኩ።

መጣ። ውኃ በሌለበት ቀን፣ ሰላማዊት እረፍት ላይ ሳለች፣ በሩ ተንኳኳ። ሄዳ ስትከፍት እሱን አየች፤ ዞራ እኔን አየች፤ እንደገና እሱን አየች። እኔ "ምን አፍጥጠሽ ታያለሽ፣ አስገቢው እንጂ" አልኩና ወደ ወጥ ቤት ገባሁ።

ማሽኑን ስናስነሳው በለሚ ፊት መሙላቱን አላቆም አለ። ለሚ ሶኬቱን ነቀለው፤ አሁንም ይሞላል። ዓይኑ ሲፈጥ አየሁት። እኔ ምንም እንደማያውቅ ሰው እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ። ጥፋቱን እሱ ያግኘው ብዬ ወስኛለሁ። ክብሩን በገዛ ቤቴ፣ ልጄ ፊት ነው የነሳሁት፤ እዚያው መመለስ ነበረብኝ።

"ውኃው ዛሬ ከየት ነው የሚመጣው አባባ?"

"ከሮቶው ነዋ፣ ከየት ይመጣል።"

ወደ ጓሮ ወጣ፤ ተከተልነው። መሰላሉ ያስደገፍኩት ቦታ ላይ እንዳለ ነው፤ ማንሳት ረስቼ ነበር። መውጫ ቧንቧው ሥር ያለው ጭቃ ላይ የጉልበቴ ምልክት ደርቆ ይታያል። ለሚ መሰላሉን አየ። የጭቃውን ምልክት አየ። ከዚያ የእኔን ፊት አየ። እኔ ሰማይ ሰማዩን ማየት ጀመርኩ።

"ሰሉ" አለ ቀስ ብሎ፤ በእኔ ፊት "ሰሉ" ሲላት የመጀመሪያው ነው። "ችግሩን ያገኘሁት መሰለኝ። ሮቶው ዝቅ ብሏል፤ ውኃው ጉልበት የለውም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ይህን መቆሚያ እንዲህ አሳጥሮ ያሠራው ማነው አባባ?" አለ።

"እኔ ነኝ" አልኩት። "በገዛ እጄ።"

ያን ቀን ሸሚዙን የት ሄዶ እንደለበሰው አላውቅም፤ ሽማግሌዎቹ ግን ብዙ ሳይቆዩ መጡ። እንደ ወጉ "እናስብበት" ማለት ነበረብኝ። ሰላማዊት ከጓዳ ሆና እየሰማች ስለነበር ቶሎ አሰብኩ። ከሠርጉ በፊት እኔና ለሚ ያንኑ የብየዳ ሠራተኛ አስጠርተን የሮቶውን መቆሚያ ከጣሪያ በላይ አስረዘምነው። ብየዳ ሠራተኛው ፈገግ አለልኝ። ጎማውን ለማየት አልሞከርኩም። ማሽኑ ከዚያ ወዲህ ውኃ ኖረም አልኖረም ልክ ሲደርስ ይቆማል።

ለሚ ያን ቀን መሰላሉን ሲያይ ሁሉም ነገር ገብቶት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እንግዳ ሲመጣ "ጥፋቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ" እያለ ያወራል፤ ሲያወራ ግን በዓይኑ ጠርዝ ያየኛል። እጠረጥረዋለሁ።

ቤታቸው ከእኔ ቤት ሩቅ አይደለም፤ በባጃጅ ቶሎ ይደርሳሉ። ለሚ በመጣ ቁጥር ቦርሳውን እግሬ ሥር ያስቀምጥና ዚፑን ይከፍታል። "አባባ፣ ይፈትሹ" ይለኛል። እኔም ኮስተር ብዬ እበረብራለሁ፤ ፒንሳውን አውጥቼ "ይሄን ከየት አመጣኸው?" እለዋለሁ። ሰላማዊት ሁለታችንንም ትሰድበናለች።

ባለፈው እሑድም እንዲሁ ከፈተልኝ። ካቻቪቴዎቹን አነሳሁ፤ ፒንሳውን አነሳሁ። ከሥር በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነጭ ነገር አለ። ፈታሁት። ሸሚዝ ነው፤ በካርቶን ተደግፎ የታጠፈ፣ የተተኮሰ። ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም።

ቀና ብዬ ልጄን አየኋት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይስቃል። ለሚ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ፤ ጫማው ክር የለውም።

አንድ ነገር ጠርጥሬያለሁ። ሸሚዙን በነበረበት እጥፋት አጥፌ መለስኩት። ምንም አልጠየቅኳቸውም። ራሳቸው እስኪነግሩኝ እጠብቃለሁ።